ሜዳ ላይ የማይነሳው መኪና

የአባቴን አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ዳንግላ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ አባቴ ታሪኩን ለሰው ሲያወራ የሚጀምረው ከዚሁ ነውና።

ያን ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጅባራ አዳራሽ ውስጥ ግጥም እንደማነብ ስሜ በማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ። እስከዚያ ድረስ ግጥሞቼን የሰሙት ሁለት ጓደኞቼ ብቻ ናቸው፤ አንዱም እንቅልፋም ነው። አባቴ ጠዋት ድንች ጭኖ ወደ ዳንግላ ሊሄድ ሲል ማራገፍ እንዳግዘው ጠየቀኝ፤ ስድስት ሰዓት ላይ እንመለሳለን አለ። አመንኩት።

መኪናው በቁልፍ መነሳት ካቆመ ዓመት አልፎታል። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ይላል፣ መብራቱ ይደበዝዛል፣ በቃ። አባቴ ባትሪ ቀየረ። ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ሁለት ጊዜ አስፈትቶ አስጠገነ። ለውጥ ሲያጣ ኑሯችንን ለቁልቁለት አስረከበ። እኛ በምንኖርበት በዘንገና አካባቢ ተዳፋት አይጠፋም። መኪናውን አፍንጫውን ወደ ታች አዙሮ ያቆምና ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ድንጋዩ ሲነሳ መኪናው ይንደረደራል፣ ማርሽ ሲገባለት ይነሳል። ዘመድ የምንጠይቀው እንኳ ደጁ ተዳፋት የሆነውን ነው። ቤቷ ሜዳ ላይ ያለው አክስቴ ተቀይማናለች። ዳንግላ ደግሞ ሜዳ ነው፤ ጭነቱ ተራግፎ እስክንመለስ ሞተሩ አይጠፋም። ሕጉ ይህ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ።

ግማሹን ጆንያ እንዳወረድን አባቴ ከነጋዴው ጋር ሊነጋገር መጋዘን ገባ። እኔ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ግጥሜን ጮክ ብዬ መለማመድ ጀመርኩ። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ በሩ ይንቀጠቀጣል፣ የራሴን ድምፅ አልሰማም። አንዱ ስንኝ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፍኩ። ተናደድኩና ቁልፉን አጠፋሁት። እንዴት ያለ ጸጥታ ነበር! ግጥሙን እስከ መጨረሻው ያለ ስህተት ተወጣሁት።

አባቴ እየሮጠ ወጣ።

"ማን አጠፋው?"

ጋቢናው ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለው የጆንያ መስፊያ ወስፌ ብቻ ነበር።

ቁልፉን አዞረ። ጠቅ። ደግሞ አዞረ። ጠቅ። ሥር ገብቶ ሞተሪኖውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። ጠቅ። ቀጥሎ ነዳጁ አየር ይዟል ብሎ ቧንቧውን መፍታት ጀመረ። ሞተሩ ጭራሽ ካልዞረ ነዳጁ ምን ያደርጋል ብዬ ጠየቅኩት። አልመለሰልኝም። ሲናደድ ከመኪናው ጋር በአገውኛ ነው የሚነጋገረው፤ እኔ በአማርኛ ስለጠየቅኩት ይሆናል። በመንገዱ ማዶ አንድ ሚኒባስ እንጅባራ እንጅባራ እየተባለበት ሞልቶ ሄደ። ሌላው ተተካ።

አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ ፈረሳቸውን አቁመው ሲያዩን ቆይተው ነበር።

"ወንድሜ፣" አሉ አባቴን፣ "የእኔው ጭብጥ ገብስ ከበላ ቁልቁለት ጠይቆኝ አያውቅም።"

"የእርስዎ ሃያ ኩንታል ይጭናል?"

"የቆመ መኪናስ ስንት ይጭናል?"

ቢሆንም ፈረሳቸውን አስረው ሌሎች ባለጋሪዎችንም ጠርተው ሊገፉ መጡ። ስምንት ሆነን ገፋን። ሌሊት የጣለው ዝናብ መሬቱን አጨቅይቶት ስለነበር እኛ ተንሸራተትን እንጂ መኪናው ለመነሳት የሚበቃ ፍጥነት አላገኘም። ሸሚዜን አየሁት፤ ለመድረክ የተተኮሰው ሸሚዝ ነው። ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው።

አባቴ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሂድ በቃ፣" አለኝ። "ሚኒባሱ አለልህ። እኔ እዚሁ አድራለሁ።"

እንዲህ ተብሎ የተፈቀደለት ሰው መሄድ አይችልም። እሱም ያውቃል።

መኪናው ሥር ገባሁ። እንደ እውነቱ ልጠግነው ሳይሆን ማንም ሳያየኝ ልሳደብ ነበር። ከባትሪው የሚወርደውን ወፍራም ገመድ ለመደገፍ ብዬ ያዝኩት። ገመዱ ቀዝቃዛ ነው፤ የመኪናው ብረት አካል ሻንሲው ላይ የታሰረበት ብሎን ግን እጄን ሊያቃጥለኝ ደረሰ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ገመዱ የታሰረው ብረት ላይ አይደለም፤ ቀለም ላይ ነው። ወፍራም አረንጓዴ ቀለም።

ትዝ አለኝ። አምና አባቴ መኪናውን በገዛ እጁ በብሩሽ ቀባው። አንድም ቦታ እንዳይቀር ብሎ ብሎኑን ሳይቀር ፈትቶ ከሥሩ ቀብቶ መልሶ አሰረው። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን መንገድ በቀለም ዘግቶ፣ ዓመት ሙሉ ቁልቁለት ሲያስፈልገን ኖረ።

ብሎኑን ፈታሁ፣ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በካቻቢቴ ፋቅኩት፣ መልሼ አጠበቅኩት። ቁልፉን እንዲያዞር ተጣራሁ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ባለጋሪው ፈረሳቸው እንዳይደነብር ልጓሙን ያዙ።

አባቴ ወርዶ የፋቅኩትን ቦታ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

"ቀለሙ ግን ያምራል፣" አለ።

የቀረውን ጆንያ በጥድፊያ አራግፈን በረርን፤ ማለት በዚያ መኪና መብረር በሚቻለው መጠን። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ ስሜ እየተጠራ ነበር። እባክህ አጥፋው ብዬ ለመንኩት። መሪውን እንደያዘ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ አላጠፋም ማለቱ ነው። ጭቃ በነካው ሸሚዜ መድረክ ወጣሁ።

በሞተሩ ድምፅ ላይ እየጮህኩ ጀመርኩ። መሀል ላይ ስደርስ ድምፁ ተቋረጠ። ስንኙ ጠፋኝ፤ ጆሮዬ ውጭ ነበር። ይነሳ ይሆን? ተነሳ። ቀጠልኩ። ጠፋ። ተነሳ። አባቴ ሜዳ ላይ ቆሞ ቁልፉን እያጠፋ ያስነሳል፣ እንደገና ያጠፋል። ሰው መሳቅ ጀመረ። እኔም በሚጠፋበትና በሚነሳበት መሀል እየሰረቅኩ ግጥሜን ጨረስኩ።

ስወጣ ጋቢናው ውስጥ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። ግጥሜን ሰምቶት እንደሆነ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

"ሰማኸው?"

"ሰምቼዋለሁ፣" አልኩት። "ሰባት ጊዜ።"