የሐምሌ ገና

የያዙኝ ተማሪዎቼን መረብ ኳስ ሳጫውት ነው። መጀመሪያ የወሰዱት ካንገቴ ላይ ፊሽካዬን ነበር፤ ምን ሊያደርግላቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። የታሰርነው ከሞላሌ እምብዛም በማትርቅ ከተማ፣ በገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ውስጥ ነው። የማዳበሪያው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ግድግዳው ክረምቱን ሙሉ ያልበዋል። ጥፋታችሁ ይኼ ነው ብሎ የነገረን ሰው አልነበረም።

አጠገቤ የሚተኙት ከዘመሮ በኩል የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ልጅህ ጫካ ገብቷል ተብለው፣ ልጁ ቢታጣ እሳቸውን አመጧቸው። ባገራቸው የታወቁ የገና ግጥም አውራጅ ናቸው፤ በገና ሜዳ ተጋጣሚውን ከነመንደሩ በስድብ የሚያሳፍሩ። ባለቤታቸው በጠና ታመዋል የሚል መልእክት ስለመጣ ያገራቸው ሰዎች ዋስ ሆነውላቸው፣ አዛዡም "ሰኞ ትወጣለህ" ብሏቸው ነበር። አባቱ የሚሆኑትን ሰው አንተ ይላቸዋል። እሳቸው ግን "ይበለኝ፣ ብቻ ይፍታኝ" ይሉ ነበር።

ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራና ፀሐይ እንድንሞቅ አወጡን። አዛዡ ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አስወጥቶ የእንግሊዞቹን የሣር ሜዳ ቴኒስ ያያል። መለሎ ሰው ነው፣ አንድ እግሩን ከጉልበቱ ያነክሳል። ከሁለቱ ተጫዋቾች የሚደግፈው ረጅሙን ነው። ስለዚህ እኛ አጭሩን ደገፍን፤ ሌላ ምክንያት አላስፈለገንም።

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አዩ። "ይኼ ሁሉ ሣር ተከልሎ ለሁለት ሰው? በጎቹን የት አድርሰዋቸው ነው?"

አቆጣጠሩን እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ዐሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ ይባላል አልኳቸው።

"ሠላሳና አርባ ማውጣትማ የኛም ሥራ ነው። ታዲያ ቄስ እንጂ ዳኛ ምን ያደርጋል?"

ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አጭሩ ነጥብ ሲያገኝ በጉልበታችን መሀል እጃችንን እንጨብጣለን፤ ሽማግሌው "ሩሯ" የሚሏት ኳስ መረብ ስትነካበት አንድ ላይ እናቃስታለን። ከተያዝኩ ወዲህ ከልቤ የሆነ ነገር ስመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አጭሩ እየመራ፣ ለማሸነፍ ትንሽ ሲቀረው፣ ረጅሙን ሣሩ አዳለጠውና በጀርባው ተዘረረ። ያኔ ሽማግሌው ብድግ አሉ። የት እንዳሉ ረስተውታል።

"አየሁት ረጅሙን ሲወድቅ ሲገለበጥ፣
ቁመቱ ሸንበቆ፣ ጉልበቱ ሰንበሌጥ።"

በጭብጨባ ተቀበልናቸው። አዛዡ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገው።

"ማነው የሚወድቀው?"

"ያ ልጅ ነዋ፣ ጌታዬ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባል የለም?"

"ዛሬ ገና ነው?"

ሽማግሌው ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "ሐምሌ ነው" አሉ።

አዛዡ እያነከሰ መጣ። ሁላችንም ጉልበቱን ላለማየት መሬት መሬቱን አየን፤ ይኼ ይባስ አናደደው። "በል ግጥሙን ገልብጠህ ረጅሙን አሞግስ። ነገ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ። አለዚያ እዚሁ ነህ።"

በሉ እንጂ አባቴ፣ ሁለት ስንኝ እኮ ናት፣ እላለሁ በልቤ።

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ባገራችን የሚሞገሰው ያሸነፈ ነው። ጨዋታው ደግሞ አላለቀም። ይክፈቱትና ካሸነፈ ቃሌ ነው፣ አሞግሰዋለሁ።"

አዛዡ አልከፈተውም። ሽማግሌው ማንም ሳይገፋቸው ወደ መጋዘኑ ገቡ።

ሰኞ አልወጡም። ባለቤታቸው ነሐሴ ላይ ዐረፉ። መርዶውን የነገራቸው ጠባቂ ነው። የሟቿ ሠላሳም አርባም ሲወጣ እሳቸው እኛው ዘንድ ነበሩ።

ስፈታ መጀመሪያ ካጣራኋቸው ነገሮች አንዱ የዚያ ጨዋታ ውጤት ነው። ረጅሙ ከወደቀበት ተነሥቶ አሸንፏል። አዛዡ ትንሽ ቢታገሥ ኖሮ ሙገሳውን ያገኝ ነበር፣ እሳቸውም ባለቤታቸውን ያስታምሙ ነበር። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

እሳቸውም ተፈትተው፣ ዘንድሮ ሞላሌ ገበያ ላይ በግ ገዝተው ሲመለሱ አገኘኋቸው። ሰላምታችን ሳያልቅ "ለመሆኑ ያን ለት ማን አሸነፈ?" አሉኝ።

ልዋሽ አሰብኩ። ግን እሳቸውን መዋሸት አልሆነልኝም። "ረጅሙ" አልኳቸው።

ከዚያ የበጉን ገመድ አስይዘውኝ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና ገበያው መሀል ቆመው፦

"ወድቆ የተነሣን ማን ይላል ወደቀ፣
ረጅሙ አሸነፈ፣ ጨዋታው አለቀ።"

"ቃሌን ሞላሁ" አሉ፤ ገመዱን ተቀብለውኝ ሄዱ።

እኔ እንደሳቸው አልሆንኩም። አሁንም ሐምሌ ሲመጣ ቴኒሱን አያለሁ። ማንም ከማንም ጋር ይጫወት፣ አጭሩን ነው የምደግፈው።