ደጃፍ ላይ ሰንበትን ያከበረ ድንጋይ

ኢየሩሳሌም የድንጋይ ከተማ ናት ይላሉ። አይደለችም። የአንድ ድንጋይ ከተማ ናት። ቤቱም፣ አጥሩም፣ ደረጃውም ያው ነጭ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከእንግሊዞች ዘመን ጀምሮ ሕንፃ ሁሉ እሱኑ እንዲለብስ ሕግ ያዛል። ይህን ያስተማረችኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ፒስጋት ዘኤቭ

(ሰዓቱ የሀበሻ ነው፤ በሌላ ሰዓት መቁጠር አልወድም።)

ያረፍሁት በከተማዋ ሰሜን ዳር ባለው በዚህ ሰፈር፣ ጎንደር ሳለን ጎረቤቴ በነበረው በታከለ ቤት ነው። ታከለ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ሳይነጋ ወጥቷል። ቤት ያሉት እናቱ እማማ ትጓደድና ልጁ ሺራ ናቸው። ሺራ ጫማዋን አስራ በር ላይ ቆማለች። ክፍሏ በደቡብ በረሃ ወዳለው ራሞን ወደሚባል ትልቅ ጉድጓድ ሊጓዝ ነው፤ የድንጋይ ዓይነት ሁሉ ተገልጦ የሚታይበት ቦታ ነው አሉ። እሷና ሌሎች ሁለት ልጆች ዘግይተው ተመዘገቡ፤ በአውቶቡሱ የቀረው ወንበር ደግሞ አንድ ነው። መምህሯ ወንበሩን እሑድ ጠዋት ሦስቱን የድንጋይ ወገኖች ይዞ ለመጣ እሰጣለሁ ብላለች፦ እሳት የወለደውን፣ ደለል የወለደውን፣ በሙቀትና በጫና ከሌላ ድንጋይ የተለወጠውን። ኢየሩሳሌም ውስጥ የተገኘ መሆን አለበት፤ መግዛት የለም። ድንጋይ ለማየት መጀመሪያ ድንጋይ ማቅረብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቢሮ መመላለስ እዚህ በልጅነት ይጀመራል።

“አንተ ስለ ድንጋይ ታውቃለህ?” አለችኝ።

“እርስዎ በይ” አሉ እማማ ከማድቤት።

“በዕብራይስጥ እርስዎ የለም፣ ሳቭታ።” ሳቭታ የምትለው አያቷን ነው።

“የጠየቅሽው በአማርኛ ነው።”

ብዙ ስላነበብሁ ብዙ አውቃለሁ አልኋት። የቀኑ የመጀመሪያ ስሕተቴ ይህ ነበር።

እማማ ሁለት ትእዛዝ ሰጡን፦ ሰንበት ሳይገባ ተመለሱ፤ ልጅቷ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገባ።

1 ሰዓት፤ ባቡር ማቆሚያ

የመጀመሪያው ድንጋይ የተገኘው ከፎቁ በር ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ከአጥር የወደቀ ነጭ ስባሪ። ሺራ አገላብጣ ጥፍር የምታክል ዛጎል አሳየችኝ።

“ይሄ ባሕር ነበረ።”

“መቼ?”

“ካንተ በፊት። ትንሽ በፊት።”

ዛጎሉና ጭቃው ባሕር ወለል ላይ ይዘቅጣል፣ ሌላ ይደረብበታል፣ ጫናው ያደርቀዋል፣ ድንጋይ ይሆናል። ወደ ሄርዝል ተራራ የሚሄደውን ባቡር የምንጠብቀው ባሕር ወለል ላይ ቆመን ነው። ደብተሯ ላይ አንድ ብላ ጻፈች። በዚህ ዓይነት ለምሳ እንመለሳለን ብዬ አሰብሁ።

2 ሰዓት ተኩል፤ ያፎ ጎዳና

የተለወጠውን ለኔ ተይው አልኋት። አንድ ሆቴል ፊት የሚያብረቀርቅ ደረጃ አየሁና “እብነ በረድ” አልሁ፣ አስጎብኚ በሚያወጣው ድምፅ። ሺራ ጎንበስ አለች።

“ቀንድ አውጣ አለ እዚህ።”

እውነትም ነበረ። ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ጥቅልሉ ሳይቀር ይታያል።

“እብነ በረድ መጀመሪያ እንደዚህ ነው። መሬት ውስጥ በጣም ሞቀ፣ በጣም ተጫነ፣ ተለወጠ። ሲለወጥ ቀንድ አውጣው ይጠፋል፣ ናኾን፣ ልክ አይደል? ይሄ ተወለወለ እንጂ አልተለወጠም።”

እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ስመለስ የማወጣላቸውን ስም አገኘሁ።

እውነተኛው የተገኘው ከጎዳናው ጀርባ ነው። አሮጌ ቤት እየታደሰ፣ ፍርስራሹ በብረት ገንዳ ተከምሯል። ከክምሩ መሐል የተሰበረ የእጅ መታጠቢያ ገበታ ወጣ፤ ስብራቱ እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ይላል፣ ዛጎል የሚባል የለበትም። ሠራተኛው ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ቁርሱን ይበላል። ሺራ ጠየቀችው፣ ተረጎመችልኝም፦ “አሮጌ ነው፣ ከጣልያን የመጣ። ውሰዱ፣ ሌላውንም ውሰዱ፣ ጀርባዬን ታሳርፉታላችሁ ይላል።”

“ከጣልያን ከመጣማ የኢየሩሳሌም አይደለም” አልሁ፤ ቀንድ አውጣው ገና አልወጣልኝም ነበር።

“መምህሯ ‘የተገኘ’ አለች። ‘የተወለደ’ አላለችም። ሳቭታም እዚህ አልተወለደችም።”

ስባሪውን አንስቼ ያዝሁላት።

5 ሰዓት፤ የኢትዮጵያ መንገድ

እሳት የወለደው ግን የለም። ሁለት ሰዓት ጥቁር ነገር ሁሉ አነሳን፦ አስፋልት፣ ከሰል፣ አንዴም የጎማ ቁራጭ። ወንበሩ እያመለጣት መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል።

ውኃ ልለምን ብዬ ወደ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገባሁ። ሺራ የጫማዋን አፍንጫ ከበሩ መድረክ አስተካክላ ውጭ ቀረች። ግቢው ውስጥ አንዲት አሮጊት መነኵሲት ልብስ ያጥባሉ። ሳፋው የተቀመጠበትን አየሁ፤ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ ትሪ የሚያህል ድንጋይ።

“እማሆይ፣ ይህ ከየት መጣ?”

“ከጎንደር። ደወል ነበር።”

የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ አንጠልጥለው በሌላ ድንጋይ ሲመቱት የሚጮህ። አንድ ተሳላሚ በሻንጣ አመጣላቸው፣ መንገድ ላይ ተሰበረ። “የተባረከ ስለሆነ አይጣልም፤ የተሰበረ ስለሆነ አይደወልም። ሥራ ከሚፈታ ብዬ ሳፋ አስያዝሁት።”

ነገሩን ነገርኋቸው። የቤተ እስራኤል ልጅ ናት፣ በር ላይ ቆማለች አልሁ።

“በፀሐይ?” አሉና እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ወጡ፤ እኔም ድንጋዩን ታቅፌ ተከተልኋቸው። “ልጄ፣ ይህ ድንጋይ ምንድነው? ካሳመንሽኝ ትወስጂዋለሽ።”

ሺራ አማርኛዋን ሰበሰበች። “ይሄ እሳት ነበረ። እንደ ገንፎ። ከመሬት ወጣ፣ ቀዘቀዘ። ከዛ ዝናብ፣ ነፋስ፤ ተፈጨ፣ አሸዋ ሆነ፣ ባሕር ገባ። ተጫነ፣ ሌላ ድንጋይ ሆነ። ወደ ታች ወረደ፣ ሞቀ፣ ተለወጠ። በጣም ሞቀ፣ ቀለጠ። ከዛ እንደገና ከመጀመሪያ።”

“መጨረሻው?”

“የለውም።”

እማሆይ አሰቡ። “እኔ እዚህ ስንት ዓመቴ፤ የቪዛ ወረፋዬ እንኳን አልተለወጠም። ድንጋይስ ታድሏል። ውሰጂው፣ ስትጨርሺ መልሽልኝ። ተሸካሚው ግን እሱ ነው።”

8 ሰዓት፤ ባቡር ውስጥ

እማሆይ ጆንያ ሰጥተውናል። ከሰንበት በፊት ያለው ባቡር የገበያ ዘንቢልና የተጎነጎነ የሰንበት ዳቦ የያዘ ሰው ሞልቶበታል። አንድ ወታደር እየተንገዳገድሁ ሲያየኝ ተነሳልኝ። ድንጋዩን አስቀመጥሁና እኔ ቆምሁ። አጠገቡ ያሉት ሴትዮ ለድንጋዩ ጠጋ አሉለት።

11 ሰዓት ሊሆን ሲል፤ ፒስጋት ዘኤቭ

ከማቆሚያው እስከ ቤቱ አሥር ደቂቃ ነው፤ ከደወል ጋር ሲሆን ከሁለት ሰዓት ይበልጣል። አሳንሰሩ ተበላሽቷል። አራተኛ ፎቅ ስደርስ የበሩን መድረክ እንደረገጥሁ ጆንያው ከእጄ አመለጠ። በዚያችው ቅጽበት እማማ ትጓደድ ከውስጥ “ሰንበት ሰላም” አሉ፤ ሰንበት ገባ።

በሰንበት ድንጋይ አይነሳም። በሩም አይዘጋም፤ ድንጋዩ ከመዝጊያው ሥር ነው።

“እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ላንሳው” አልሁ።

“ለእኛ ብለህማ አይሆንም፣ ልጄ። ግባና ብላ።”

ከዓርብ ማታ እስከ ቅዳሜ ማታ ቤቱ እንደተከፈተ ነበር። የፎቁ ነዋሪ ሁሉ በየተራ አንገቱን አስግጎ ሰላምታ ሰጠን። ታከለ ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ ሁለት ጊዜ “ሰንበት ሰላም” አለ። ሺራ የሚያልፈውን ሁሉ “እግርህን አንሳ” እያለች ዋለች፤ ወንበሯ መድረክ ላይ ተኝቷልና።

ቅዳሜ ማታ ኮከብ ወጥቶ ሰንበት ሲያበቃ ድንጋዩ ዘንድ ቀድመው የደረሱት እማማ ነበሩ። ተንበርክከው በሙቀጫ ዘነዘና መታ አደረጉት። የተሰነጠቀ ድስት ድምፅ አወጣ።

“ከመንደራችን በላይ ቤተ ክርስቲያን ነበረች” አሉ። “እንዲህ ያለው ሲመታ ላሞቹን እናወጣ ነበር። ደወሉ የእነሱ ነው፤ ሰዓቱ የሁላችን ነበር።”

ሌላ ጊዜ መታ አደረጉት።

እሑድ፣ 8 ሰዓት

ሺራ ገባች፣ ቦርሳዋን ጣለች፣ ፍሪጅ ከፈተች። ደወሉን ጠዋት ትምህርት ቤት ያደረስሁላት እኔ ነኝ፤ ማታም መልሼ የምሸከመው እኔው ነኝ።

“እህ?” አልኋት።

“ቤሴዴር።”

“ምንድነው ቤሴዴር?”

“ደህና ነው ማለት። ወንበሩ የኔ ነው። አንዱ ልጅ ሦስት የኖራ ድንጋይ አመጣ፣ አንዱን ቀለም ቀብቶ።”

ሰኞ ጠዋት

ደወሉን ለእማሆይ ልመልስ ስፈልገው እማማ ሰገነቱ ላይ፣ ከወንበራቸው አጠገብ አስቀምጠውት አገኘሁ። አይሄድም አሉ። ምክንያት አልሰጡም፤ ሺራም ዓይኗን መለሰች። ባዶ ጆንያ ይዤ እማሆይ ዘንድ ሄድሁና ነገርኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

“ይቀመጥላቸው። እኔ ግን ሌላ እፈልጋለሁ። ያልተሰበረ።”

እኔ ወገቤን ታምሜ ነው የምመለሰው። ስለዚህ ጎንደር ያለህ አንባቢ፣ ወደዚህ ስትመጣ በርበሬውን ከሻንጣህ አውጣና ሲመቱት የሚጮህ ጥቁር ድንጋይ አስገባ። በጋቢ ጠቅልለው።