የነጂው ስም

ረቡዕ ረቡዕ አንድ ጠና ያሉ ሰው ካዛንቺስ ወደሚገኘው የጽጌሬዳ ማመልከቻ መጻፊያ ክፍል ብቅ ይላሉ። ኮታቸው በወጉ የተተኮሰ ነው፤ የግራ እጅጌው ግን ክርኑ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ክንዳቸውን የወሰደው ከክሬን የወደቀ ብረት ነው። የሐኪም ማስረጃቸውን ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስተካክሉና ሁልጊዜ ያችኑ ይጠይቃሉ።

«የነጂው ስም ይገባል?»

«አባባ፣ የሚከሰሰው እኮ ድርጅቱ ነው። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ተጠያቂው አሠሪው ነው። ነጂው በቃ ለምስክርነት ቢጠራ ነው።»

«ያው ስሙ ተነሳ ማለት ነው» ብለው ወረቀቱን መልሰው ያጥፉታል።

ዛሬ የጽጌሬዳ ትዕግሥት አለቀ። «ዓመት ከሞላው እኮ በይርጋ ይቀራል! የቀረዎት አራት ሳምንት ነው። ለመሆኑ ልጁ ምንዎ ነው?»

ሰውየው በመስኮቱ አሻግረው ከጣሪያዎቹ በላይ የሚዞረውን ክሬን ተመለከቱ።

«ከዚያ ወዲህ ቀስ አድርጎ ነው የሚያዞረው» አሉ። «ሕፃን ሆኖም እንዲሁ ነበር፤ ብርጭቆ የሰበረ ዕለት ቤት ውስጥ ኮቴው አይሰማም።»