የእናቴ ፊርማ በባንኩ መስኮት

እናቴ ባንክ ገንዘብ ያስቀመጠችው በእኔ ጭቅጭቅ ነው። አዳማ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ያላት ሁሉ እቁብ ውስጥ ነበር። «ባንክ አይሰረቅ፣ አይቃጠል» እያልኩ ስነዘንዛት ከርሜ አንድ ቀን ይዣት ሄድኩ። ያኔ ፊደል ስለማትቆጥር አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው ካርድ ላይ አስፈረሟት። ቤት እስክትደርስ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ሄደች።

ከዚያ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። ከገበያ መልስ ቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ እየተቀመጠች ተማረች። ስሟን መጻፍ ስትችል የሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ሳይቀር ጻፈችው። ከዚያ ወዲያ የትም ቦታ ጣት አልሰጥም አለች።

ክረምት ሊገባ ሲል የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ቆርቆሮ አመጣ። የቤታችን ጣሪያ ወንፊት ሆኗል። ተራችን ደርሶ ነበር፤ ግን ሱቁ እስኪዘጋ ካልከፈላችሁ ለሌላ ይሰጣል ተባልን። ባንክ ሄድን።

የመስኮቱ ሠራተኛ የእናቴን ፊርማ ከካርዱ ጋር አስተያየና ወረቀቱን መለሰው።

«እማማ፣ የእርስዎ የጣት ነው።»

«የጣቱ ያኔ ነው ልጄ። አሁን ተምሬያለሁ።»

«እሱስ ጥሩ ነው። ካርዱ ግን አያውቅም።»

ካርዱ ይቀየርልን አልኩ። ማንበብና መጻፍ መቻሏን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ይምጣ አለ። እናቴ የምስክር ወረቀቷን ከመቀነቷ አውጥታ ዘረጋችለት። እንደ ሕፃን ልብስ አራት ቦታ የታጠፈ ነው።

«ይሄ ለባንክ የተጻፈ አይደለም» አለ፤ በትሕትና፣ እሱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ገብቷል። ማኅተሙም አብሮት ገብቷል። ማንም ሌላ ሰው የእናቴን መማር መመስከር አይችልም፤ ያስተማራት ልጅ እንኳ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጦ እያለ።

በላብ ተጠምቄ ስመለስ እናቴ መስኮቱን አልለቀቀችም። ከኋላዋ የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ትዕግሥቱ አልቋል።

«እማማ፣ እርስዎ ስምዎን ጽፈው ሳይጨርሱ እኮ እኔ ሞጆ ደርሼ እመለሳለሁ። ጣትዎን ቢሰጧቸው ምን ይጎድልብዎታል?»

«ያንተን ስጥልኛ፣ ካልጎደለብህ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔ ግን ሰዓቱን እያየሁ ነበር።

«እማዬ፣ አንዴ ብቻ ስጫቸውና እንሂድ። ቆርቆሮው ሊያመልጠን ነው።»

«አንተም?» አለችኝ።

ወደ ሠራተኛው ዞራ አውራ ጣቷን ዘረጋች፤ እሱም ይዞ ቀለሙ ላይ ጫነው።

«ስንት ላውጣልዎ?»

«ሁሉንም።»

«ሁሉንም? ሒሳቡ ይዘጋል እኮ።»

«ይዘጋ።»

ሱቁ ሊዘጋ ሲል ደርሰን ቆርቆሮውን ገዛን። ጋሪ ላይ ጭነን ስንመለስ ከጎኑ እየተራመድኩ ልለምናት ሞከርኩ፤ የተረፈውን ነገ መልሰን እናስገባው፣ ደብዳቤውን እኔ አመጣዋለሁ፣ ካርዱ ይቀየራል አልኳት። የጋሪው ነጂ ሳይቀር ሰልችቶት ፈረሱን መታ መታ አደረገው።

«የተረፈው እቁብ ይገባል» አለች በመጨረሻ። «የእቁቡ ዳኛ በመልኬ ያውቀኛል።»