የእትዬ ዘይነባ ጎመን

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ ባጃጅ ማለፊያ አጥቶ ነበር። ያረጀውን የብረት ቧንቧ እያወጡ አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ይቀብራሉ። ከወጡት ብረቶች አንዱ ወገቡ ላይ በብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ተጠፍንጓል። ሳየው ባለሁበት ቆምኩ። የሠርጌ ሰሞን የታሰረ ነው።

ጥር ነበር። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ ጠላው ሊጠነሰስ ሲል ውሃው ቀጥ አለ። እናቴ ሠርጉ ይራዘም እስከማለት ደረሰች። እኔ ደግሞ ሠርግ ከተራዘመ ሙሽራው የሚጠፋ ይመስል እንባዬ አልቆም አለ። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ፣ «አርጅቷል እኮ፤ የቱ ጋ እንደፈነዳ ካልታወቀ መንገዱን ሙሉ መቆፈር ነው» ብሎን ሄደ።

ከእኛ ቤት ከፍ ብላ ባሏ የሞተባት እትዬ ዘይነባ ትኖር ነበር፤ ጎመን እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ። መንገዱ ዳር የተከለችው ጎመን በጋውን ሙሉ አይጠወልግም። ሰፈሩ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ «የዘይነባ በረካ» ይለው ነበር። መሬቱ ለምን እንደሚረጥብ የጠየቀ አልነበረም። በረካን ደግሞ ማን ይጠይቃል?

የዚያን ዕለት ከሰዓት በራችን ላይ ቆመች።

«እቴ፣ በረካ ያልነው የናንተ ውሃ ሳይሆን አይቀርም» አለቻት እናቴን። «ወላሂ፣ የጎረቤት ሐቅ ስበላ ነው የከረምሁት! መጥታችሁ ቆፍሩት።»

«ኧረ ዘይኑ፣ ልጆችሽስ?»

«አላህ አለ። አንቺ ልጅሽን ዳሪ።»

በማግስቱ ጎመኑን በገዛ እጇ ነቀለችው። ከሥሩ የፈነዳው ቧንቧ ተገኘ። ሠራተኛው መለዋወጫ ስላልነበረው ከብስክሌት ጠጋኝ ከመነዳሪ ለምኖ አሰረው። «ለጊዜው ነው» አለ፤ ጊዜው እስከዛሬ ቆየ!

በእኛ አገር ሠርግ ክርስቲያኑና እስላሙ ሥጋቸው ለየብቻ ነው። በእሷ ድስት የተቀቀለው ጎመን ግን ለሁለቱም ቀረበ።

ውሃው መጣ፤ የእሷ መሬት ግን ደረቀ። የተዳርኩት እዚያው ሰፈር ስለነበር በየበጋው ከቧንቧችን እየቀዳሁ እንደገና የተከለችውን ጎመን አጠጣላት ጀመር።

ዛሬ ቧንቧውን እንዳየሁ ወደ እሷ ወጣሁ። ዓይኗ ደክሟል፤ ጸሐይ ትሞቅ ነበር።

«እትዬ፣ ቧንቧውን ቀየሩት። ከእንግዲህ እስኪፈነዳ አንጠብቅም፣ በየጊዜው እንፈትሻለን ይላሉ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለችና ሳቀች። «እንዲያ ከሆነ ጎመኔን ማን ሊያጠጣልኝ ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ጀሪካኗን አንስቼ ወረድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዛሬም የማጠጣላት ጎመን ስላለኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።