በወፍራሙ ጋዜጣ መሃል የታጠፈው

በክሉንባራ ከተማ «የእሁድ ጡሩምባ» የሚባለውን የሐሜት ጋዜጣ አነባለሁ ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው የለም። ጋዜጣው ግን በየሳምንቱ ተሸጦ ያልቃል። ጉዱን የምታውቀው ባለሱቋ ዲምፕና ጋቫን ናት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ የወጣው ሁሉ ወደ ሱቋ ጎራ ይላል። እሷም ለየደንበኛው ቁም ነገረኛውን፣ ወፍራሙን ጋዜጣ ጥግ ላይ ስሙን በእርሳስ ጽፋ ትጠብቀዋለች። ጡሩምባው በመሃል ታጥፎ ይገባል። ሰጪዋም ተቀባዩም ስለሱ ትንፍሽ አይሉም። የሰው ትዳር ሲፈርስ፣ የሰው ልጅ ፍርድ ቤት ሲቆም ፎቶውን እንዲህ ሸፍና ስትሸጥ ኖራለች፤ አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቷት አያውቅም።

ዛሬ ግን የጥቅሉን ገመድ ቆርጣ ስትፈታ ከፊት ገጹ ላይ አፍጥጦ ያያት የገዛ ወንድሟ ማላኪ ነበር።

ማላኪ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። በጥር ውርጭ መኪናው መታጠፊያው ላይ ተንሸራቶ ቦይ ገባ፤ የአንዲት ተማሪ እግር ተሰበረ። ፖሊስ እዚያው ትንፋሹን መርምሮ ጠብታ መጠጥ እንዳልቀመሰ አረጋገጠ። ጡሩምባው ደግሞ «ስማቸው እንዳይጠቀስ የፈለጉ ጎረቤት» ብሎ ሲጠጣ ነው ያደረው አለ። ነገ ሰኞ ወላጆች ተሰብስበው አውቶቡሱ ይመለስለት እንደሆነ ይወስናሉ። ማላኪ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳው ያ አውቶቡስ ብቻ ነው።

የዲምፕና ደም ፈላ። ጥቅሉን አንስታ ጓሮ ካለው የዝናብ ውኃ በርሜል ልትከተው ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ከከተማው መውጫ ያለው ነዳጅ ማደያ ትዝ አላት። እዚያም ጋዜጣ ይሸጣል። እኔ ብተወው ከዚያ ይገዙታል፣ ገበያዬንም ይዘውት ይሄዳሉ ብላ ተመለሰች። ጋዜጣውን፣ ጸሐፊውን፣ ስም የለሹን ጎረቤት እየተራገመች ማጠፍ ጀመረች። ማላኪ ተብሎ የተጻፈበት ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። እሱም እንደ ሌላው ሰው ጡሩምባውን በመሃል ያስደርጋል። የሱን አወጣችና ባንኮኒው ስር ወሸቀችው። ቢያንስ ዛሬን ይተኛ።

የማለዳው ቅዳሴ ሰዎች ገዝተው ከሄዱ በኋላ ማላኪ ከሁለተኛው ቅዳሴ ወጥቶ መጣና ጋዜጣውንና የቁርሱን ቋሊማ ወሰደ።

«ሰዉ ምን ነክቶታል ዛሬ? እንደምን አደርክ ስለው ሁሉም ጫማውን ያያል።»

«ብርዱ ነው» አለችው።

እሱ እንደወጣ ሥጋ ሻጩ ጃርላት ማለዳ የገዛውን ጋዜጣ እንደያዘ ተመልሶ ገባ።

«ዲምፕና፣ በጣም አዝኛለሁ። እኔ መቼም ያንን ቆሻሻ አላነብም። ግን ገጽ አምስት ላይ ያለው ፎቶ የማላኪ አይደለም፣ የአጎታችሁ ልጅ ነው። ክሰሷቸው።»

«ካላነበብከው ገጽ አምስት ላይ ሌላስ ምን አለ?»

ጃርላት ጆሮው ቀልቶ ጋዜጣውን በብብቱ አድርጎ ወጣ። ከሱ ኋላ የመጡት ሁሉ አዘኑላት፣ ሁሉም ጋዜጠኞችን ረገሙ፣ ሁሉም ወሰዱ። ለወትሮው የማይወስዱት ሳይቀሩ ለእህቴ ነው፣ ለታመመ ጎረቤቴ ነው እያሉ ጠየቁ። ሰው እንዲህ ያስጠላኛል ብላ አስባ አታውቅም ነበር። እሷም ሂሳብ እየተቀበለች መልስ ትሰጣለች፤ የበለጠ ያበገናት ይሄ ነው።

ወደ መጨረሻው ላይ ኮንሴፕታ መጣች። ኮንሴፕታ የመዘምራኑ መሪ ናት፤ ልጇም በዚያ አውቶቡስ ነው የሚሄደው። ዕድሜ ልኳን ወፍራሙን ጋዜጣ ብቻ ገዝታ በዚያም ስትኮራ የኖረች ሴት ናት።

«ያንንም ጨምሪልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አልቋል።»

«ዲምፕና፣ ወላጅ እኮ ነኝ። ነገ እጄን ከማውጣቴ በፊት ማወቅ አለብኝ።»

«እኔን ጠይቂኝ። ማላኪ አልጠጣም።»

«አንቺማ እህቱ ነሽ።»

ከኋላዋ ሰልፉ ረዘመ፣ አንዱ አጉረመረመ። ዲምፕና ታከታት። ከባንኮኒው ስር መዘዘችና «እንኪ፣ ውሰጂውና ሂጂልኝ» ብላ ወረወረችላት።

ሱቁን ልትዘጋ ስትል ማላኪ ተመልሶ መጣ። ወፍራሙን ጋዜጣ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

«የኔ ዛሬ ቀጥኗል። ጡሩምባው የታለ?»

«አልመጣም።»

«ጃርላት መንገድ ላይ አቅፎኝ አለቀሰ። ምን እንዳስለቀሰው እኔ ነኝ የማላውቀው።»

ዲምፕና አንገቷን ደፋች። «ሰክሮ ነበር ብለው ጽፈውብሃል። እንዳታየው ብዬ ነው።»

ማላኪ ባዶውን መደርደሪያ አየ። አልጮኸም፤ ቢጮህባት በቀለላት።

«ለሌላውስ ሸጥሽ?»

«ማደያው ይሸጠው የለም ወይ?»

«ስለማደያው አልጠየቅኩሽም።»

«ሸጥኩ» አለች።

«እንግዲያው በዚህ ከተማ ያላነበብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ነገ እፊታቸው ስቆም ምን እንዳሉኝ ሳላውቅ ምን ብዬ ልመልስ ነው? በይ ያስቀረሽውን የኔን ስጪኝ።»

እጇ ሳታስበው ባንኮኒው ስር ገባ፣ ባዶውን እንጨት ዳበሰ።

«ያንተንም» አለች፣ «ለኮንሴፕታ ሸጥኩት።»