ዳር ዳሩን

«አካኮ ይህን ጠጠር ያነጠፉት ለእኔ መኪና ነው፤ አንቺማ ጭቃውን ነበር የምትረግጪው» አለኝ የአጎቴ ልጅ፣ አያታችንን አካኮን ቀብረን ስንመለስ፣ አጥራችን በር ላይ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

እውነቱን ነው። እሱ በዓመት አንዴ ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር ወደ ነቀምት ይመጣል። አንድ ክረምት መኪናው ከአጥራችን በር እስከ ቤቱ መድረስ አቅቶት ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አደረ። አካኮ የጭነት መኪና መከራየት ስላልቻሉ ከወንዝ በቅርጫት ጠጠር ማመላለስ ጀመሩ። ሁለተኛውን ቅርጫት ከትምህርት ቤት ስመለስ እኔ እሸከም ነበር። ትልልቁን ድንጋይ ከታች፣ ደቃቁን ከላይ አድርገን በግንድ ደለደልነው። ሦስት በጋ ፈጀብን።

ሲያልቅ ግን መሃሉን እንድረግጥ አልፈቀዱልኝም። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዳር ዳሩን! መሃሉ የእንግዳ ነው» ይሉኝ ነበር ሁልጊዜ።

በቅናት እቃጠል ነበር። አንድ ቀን «ትከሻዬ የተላጠው ለእሱ ጎማ ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባቸው። አካኮ ሳቁና ጫማቸውን አውልቀው ከጎኔ ጭቃው ውስጥ ገቡ።

«እኔና አንቺ የቤት ሰዎች ነን» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ገበያም ስንሄድ፣ ጸሎት ቤትም ስንሄድ፣ በዳሩ ጎን ለጎን ነበርን። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም፤ ዛሬም እቀናለሁ። ትናንት የዘነበው ዝናብ የአካኮን ዱካ አጥቦ ወስዶታል፤ የእሱ ጠጠር እንዳለ ነው።

 ጫማዬን አውልቄ በዳሩ፣ በጭቃው በኩል ወደ ቤቱ አመራሁ።